ፋንታሲ ልብ ወለዴን ጨረስኩ፤ አሁን ወኪል የሚባለው ሰው የት ነው የሚገኘው?

ከጣርማበር ማዶ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። አንብቤ ዝም ብዬ ከሚወጡት ነኝ። ዛሬ ግን ጥያቄ አለኝ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ሥራዬ ጽሕፈት ነው። ከመናኸሪያው ሳይርቅ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ለደንበኛ አንድ አግዳሚ። ቀን ቀን የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። የመሬት፣ የፍቺ፣ የዝውውር፣ የጠፋ መታወቂያ። ማታ በሩን ከውስጥ ቆልፌ እግሬን በባና ጠቅልዬ የራሴን እጽፍ ነበር። የእኛን አገር ኅዳር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጣት ኪቦርዱ ላይ ይደርቃል።

በ2009 የጀመርኩት ልብ ወለድ ባለፈው ሰኔ አለቀ። 328 ገጽ በኤ ፎር፣ 131,000 ቃል። በመሀሉ ያልሆነ ነገር የለም። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ደብረ ሲና ሲደርስ ከተማው ታመሰ። ያኔ ከቤት ይዤ የወጣሁት ልጄን፣ የትምህርት ማስረጃዬንና ፍላሹን ነው። ፍላሹን መቀነቴ ላይ ቋጥሬው ነበር። በ2015 ነሐሴ ደግሞ ኢንተርኔት ተቋረጠና ደንበኛ ጠፋ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ምዕራፎች የጻፍኩት በዚያ ጭር ባለ ጊዜ ነው።

ታሪኩ የተጸነሰው አውቶቡስ ውስጥ ነው። ከደብረ ሲና ስንመለስ ጣርማ በር ዋሻውን አልፈን ስንወጣ ጉሙ ዋጠን። ሾፌሩ መብራት አብርቶ እየዳበሰ ይነዳል። አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ ከእንቅልፋቸው ባነኑና «እዚህ ስደርስ ሁሌ የምሄድበት ይጠፋኛል» አሉኝ። ይህንን ብለው መልሰው ተኙ። እኔ ግን እስከ ደብረ ብርሃን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መጽሐፉ ውስጥ ያለው አገር ሰባት በር አለው። ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ ነጋዴ በየበሩ ይቀረጣል። ድሮ አልዩ አምባ ገበያ የሚመጣው ነጋዴ አሞሌ ጨው ይዞ እንደሚሄደው አስቡት። እዚህ ግን የሚከፈለው ጨው አይደለም፤ ትዝታ ነው። አንድ በር፣ አንድ ትዝታ። ቀራጩ የተከፈለውን በቅል ከትቶ አፉን በሰም ይደፍነዋል። ትርንጎ የምትባል የቀራጭ ልጅ አንድ ቀን ሳይፈቀድላት አንዱን ቅል ትከፍታለች። የእናቷ ነው። እናቷ ከዓመታት በፊት በበሩ ስታልፍ የከፈለችው ትዝታ ራሷ ትርንጎ ነበረች። ሴትዮዋ ልጅ እንዳላት አታውቅም ማለት ነው።

ጥያቄዬ እንግዲህ። ውጭ አገር ደራሲ መጽሐፉን ይዞ አሳታሚ ቤት አይዞርም አሉ። ሊተራሪ ኤጀንት የሚባል ወኪል አለው። እሱ ያነብለታል፣ ይሸጥለታል፣ ውሉን ይደራደርለታል። ለአጎቴ ይህንን ስነግረው «ደላላ በይና!» ብሎ ገላገለኝ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው አለ? ከሌለ የውጭዎቹ የአማርኛ መጽሐፍ ይቀበላሉ? ሌላው፣ በፌስቡክ ስለ መጽሐፌ ትንሽ ጽፌ ነበር። በሳምንቱ ከአንድ «ኤጀንሲ» ኢሜይል መጣልኝ። ሥራሽ ድንቅ ነው፣ ለንባብና ለግምገማ 450 ዶላር ላኪ ይላል። አንድም ገጽ ሳላሳያቸው ድንቅ መሆኑን በምን አወቁ? ግን ደግሞ እውነት ቢሆንስ እያልኩ አድሬያለሁ።

ደግሞ ስርቆት እፈራለሁ። ሐሳቤን ወስደው ራሳቸው ቢጽፉትስ?

የካርቶን ደራሲ፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። መጀመር የሁሉ ነው፣ የሚጨርስ ጥቂት ነው።

ዶላሩን እንዳትልኪ። ስለሱ ውጭ ያሉት የተሻለ ይነግሩሻል። እኔ ስለ አገር ቤት ልንገርሽ። ስሜን ስታዪው ይገባሻል፤ ሁለት መጽሐፍ አሳትሜ እስካሁን አልጋዬ ስር 11 ካርቶን አለ።

ወኪል የሚባል ሙያ እኛ ጋ ሥር አልያዘም። በደርግ ጊዜ ኩራዝ አሳታሚ ነበር። ረቂቅ ይቀበላል፣ አርታኢ ይመድባል፣ ለደራሲ ይከፍላል። ዛሬም በራሳቸው ወጪ የሚያሳትሙ አሉ፤ ግን ስም ያለውን ነው የሚመርጡት። አዲስ ሰው ከሆንሽ ጸሐፊዋም፣ አሳታሚዋም፣ ካርቶን ተሸካሚዋም አንቺ ነሽ። እኔ የመጀመሪያዬን ሳሳትም 2,000 ኮፒ አዘዝኩ። ዛሬ ቢሆን 500 አላልፍም። ማተሚያ ቤቱ ግማሹን ቅድሚያ ጠየቀኝ፤ የዕቁብ ብር ነው የሰጠሁት። ፕሮፎርማው የሚሠራው ለ15 ቀን ብቻ ነበር። ወረቀት ከውጭ ስለሚገባ ዶላር ሲያስነጥሰው ወረቀቱ ይታመማል። ከዚያ አከፋፋይ አለ። እኔ ከሽፋኑ ዋጋ 35 በመቶ ለቅቄለታለሁ፣ ያውም የሚከፍለኝ ሲሸጥ ነው። አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ ስምንት ወር አመላልሶኛል። ስሄድ ሻይ ይጋብዘኛል። ብር የለም፣ ሻይ ግን ሞልቷል።

የመጀመሪያው መጽሐፌ ላይ አርታኢ አልቀጠርኩም፤ ገንዘብ ልቆጥብ ብዬ። ገጽ 94 ላይ የሞተው ሰውዬ ገጽ 203 ላይ ሠርግ በልቷል። እስከዛሬ ሰው ሲያገኘኝ ስለ ሠርጉ ነው የሚጠይቀኝ። ሽፋን ላይ ከምታወጪው ብር ቀንሰሽም ቢሆን ለአርታኢ ክፈዪ።

ስለ ስርቆቱ፦ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለልሽ። ሥራሽ ከተጻፈባት ደቂቃ ጀምሮ ጥበቃ አለው፤ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። መብቱ በሕይወትሽ ዘመን ሙሉ፣ ከዚያም 50 ዓመት ይቆያል። ማስረጃ እንዲሆንሽ ከፈለግሽ አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን ሄደሽ ማስመዝገብ ትችያለሽ። ግን ሕጉ የሚጠብቀው የጻፍሽውን እንጂ ሐሳቡን አይደለም። «በትዝታ የሚቀረጥ በር» የሚለውን ሐሳብ ማንም ሊያነሳው ይችላል። ትርንጎንና አረፍተ ነገሮችሽን ግን አይችልም። የሚያሳትም ደግሞ አይ ኤስ ቢ ኤን የሚባለውን የመጽሐፍ መለያ ቁጥር የሚያወጣው ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ከወመዘክር ነው። እዚያው ለመዝገብ የሚቀመጥ ኮፒ ማስገባት እንዳትረሺ።

መንዜው፦

ደራሲዋ ደብረ ብርሃን ሆና ጓሳን ሳታነሳ አልቀረችም ብዬ እገምታለሁ። አለ? ካለ ገዝቻለሁ። ከሌለ ቅር ብሎኛል።

ከጣርማበር ማዶ፦

@መንዜው አለ እንጂ! አያቴ የመሀል ሜዳ ሰው ናት። ጓሳው ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና የተፈቀደ ቀን አገሩ ሁሉ ማጭዱን ይዞ እንደሚወጣ እሷ ናት የነገረችኝ። እኔ ጋ የተከለለው ሳር ስር የተረሱ ስሞች ይበቅላሉ። ሳሩ የሚታጨደው በሰባት ዓመት አንዴ ነው፤ ያን ቀን የሞተ ሰው ስሙ ሲጠራ ይሰማል። ጅባራው መብራት ይዞ የቆመ ዘበኛ ነው። ጭላዳዎቹም አሉ፣ ግን አይናገሩም። እንዲናገሩ አድርጌ ጽፌው ነበር፤ ሳነበው አፈርኩና ሰረዝኩት።

@የካርቶን ደራሲ ገጽ 94 ላይ የሞተው ሰውዬ እንዴት ነው አሁን? ደህና ነው?

ስደተኛው ሸዌ፦

ሰላም የአገሬ ልጅ። እኔ ሜሪላንድ ነኝ፤ ትውልዴ ሸዋ ሮቢት። በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን አንድ ልብ ወለድ ይዤ ለሁለት ዓመት ወኪል ስፈልግ ነበር። 63 ደብዳቤ ላክሁ፣ 41 «አይሆንም» መጣልኝ፣ የቀሩት እስከዛሬ ዝም ናቸው። ስለዚህ የሚነግርሽ ያገኘ ሰው አይደለም፤ በደንብ የፈለገ ሰው ነው።

መጀመሪያ ያንን ኢሜይል አጥፊው። ትክክለኛ ወኪል ከደራሲ ኪስ ሳንቲም አይወስድም። ገንዘብ የሚያገኘው መጽሐፉ ሲሸጥ ነው። የተለመደው ድርሻው አገር ውስጥ ሲሸጥ 15 በመቶ፣ ለውጭ አገርና ለትርጉም መብት 20 በመቶ ነው። የአሜሪካ የሥነ ጽሑፍ ወኪሎች ማኅበር አባላቱ የንባብ ክፍያ እንዳይጠይቁ በደንቡ ይከለክላል። አስቀድሞ ክፈይ ያለሽ ሁሉ ነጋዴ ነው፣ ዕቃውም አንቺ ነሽ። ራይተር ቢዌር የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ እንዲህ ያሉትን እየተከታተለ ያጋልጣል። ኢሜይል በመጣልሽ ቁጥር ስሙን እዚያ ፈልጊው። ደግሞ እወቂው፣ ወኪል አንቺን ፈልጎ መምጣቱ በጣም ብርቅ ነው። እነሱ ራሳቸው የሚያነቡት ተራራ አላቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ረቂቁ ተጽፎና ታርሞ ያለቀ መሆን አለበት። ለልብ ወለድ «ግማሹን ጽፌያለሁ» አይሠራም። ከዚያ አንድ ገጽ የማትሞላ ደብዳቤ ትጽፊያለሽ፤ ኩዌሪ ይሏታል፣ ወደ 300 ቃል ገደማ። አንዳንዱ ከሷ ጋር የመጀመሪያዎቹን 10 ገጾች፣ አንዳንዱ ሦስት ምዕራፍ፣ አንዳንዱ መጨረሻው ሳይደበቅ የታሪኩን አጭር ጭብጥ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ በየድረ ገጻቸው ተጽፏል። 10 ገጽ ላኪ ካለሽ 11ኛውን አትላኪ። በአንድ ጊዜ ለሁሉም አትበትኚ። ከአምስት እስከ አስር ለሚሆኑት ላኪና መልሱን እይ። ሁሉም ዝም ካሉሽ ደብዳቤው ላይ ችግር አለ፤ አስተካክለሽ ለቀጣዮቹ ላኪ። ሁሉን በአንድ ቀን የበተነ ሰው ማስተካከያ ዕድል የለውም። እኔ የመጀመሪያዎቹን 30 እንደዚያ ነው ያቃጠልኳቸው።

እና የቃል ብዛት። ለአዲስ ፋንታሲ ደራሲ ከ90,000 እስከ 120,000 ቃል የሚመቻቸው ልክ ነው። ከዚያ ካለፈ ሳያነቡ የሚመልሱ አሉ። ብሩን በተመለከተ ደግሞ ብዙ አታስቢ። አሳታሚው ለደራሲ የሚሰጠው ቅድሚያ ክፍያ በአንዴ አይመጣም፤ ስትፈርሚ፣ ስታስረክቢ፣ ሲታተም እየተባለ ይከፋፈላል። አሜሪካና ኢትዮጵያ የግብር ስምምነት ስለሌላቸው ከአሜሪካ የሚመጣ የደራሲ ክፍያ ላይ 30 በመቶ ግብር ይቆረጣል።

ዋናውን ደግሞ ልናገር፤ የሚያነቡት እንግሊዝኛ ነው። የአማርኛ ረቂቅ ብትልኪላቸው ማን ያነበዋል?

ጋሼ መዝገቡ፦

ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስተረጉም 20 ዓመት ሆኖኛል፤ በብዛት የፍርድ ቤት ወረቀት፣ ሲገኝ ደግሞ ልብ ወለድ።

አንድ ነገር ማንም አላነሳልሽም። 131,000 ቃል ያልሽው በአማርኛ ነው። አማርኛ ጠቅልሎ ነው የሚናገር። «አልነገረችኝም» አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው አምስት ይሆናል። «ስላላስታወሰችኝ» ብትዪ ደግሞ ይብሳል። እኔ ስተረጉም አንዱ ገጽ አንድ ተኩል እየሆነ ያስቸግረኛል። ያንቺ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ቢያንስ ወደ 190,000 ሊጠጋ ነው። ከላይ ልጁ ያለውን 120,000 አስቢውና ፍረጂ። ስለዚህ ወይ መጽሐፉ ለሁለት ይከፈላል፣ ወይ ይቆረጣል። በየትኛው በር ላይ ብትቆርጪው ያምራል? ሰባት በር አለሽ፤ እኔ አራተኛው ላይ አቆመው ነበር።

ሙሉ መጽሐፍ ማስተርጎም ውድ ነው። በዕዳ እንዳትገቢበት። የምመክርሽ ሌላ ነው። ከመጽሐፉ አንዱን ምዕራፍ ራሱን የቻለ አጭር ልብ ወለድ አድርጊው። ለምሳሌ ቅሉን የከፈተችበትን። እሱን ብቻ ደህና አድርገሽ አስተርጉሚ። ሳሞቫር የሚባል መጽሔት አለ። በትርጉም የሚመጡ የምናብ ታሪኮችን ያወጣል፤ የተተረጎመውን ከዋናው ቋንቋ ጋር ጎን ለጎን ነው የሚያትመው። አማርኛሽ በፊደላችን ከእንግሊዝኛው ጋር ሲወጣ አይታይሽም? ኦሜናና የሚባልም አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የአፍሪካውያንን የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ሲያወጣ የቆየ። እነዚህ ጋ ለመላክ ወኪል አያስፈልግም። ቀጥታ ነው። አንድ አጭር ታሪክ እንኳ ከወጣልሽ ደብዳቤሽ ላይ የምትጽፊው አንድ መስመር ይኖርሻል።

ትዕግሥትም ያዢ። ኦሮማይ በ1975 ወጥቶ በእንግሊዝኛ የታተመው በ2017 ነው። ደራሲው በዓሉ ግርማ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ መጽሐፉ እዚህ ስሙን ያተረፈው በእንግሊዝኛ አይደለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው እንዳትሆኚ እፈራለሁ። ትርንጎን መጀመሪያ የሚያነባት የማን ልጅ ነው? የደብረ ብርሃን ልጅ አይደለም?

ስደተኛው ሸዌ፦

ጋሼ፣ የቃሉን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ትክክል ነዎት።

ከጣርማበር ማዶ፦

ጋሼ መዝገቡ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «ስላላስታወሰችኝ» መጽሐፉ ውስጥ ስንት ቦታ እንዳለ ፈለግሁት። 17።

ኢሜይሉን አጥፍቼዋለሁ። የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ ግን። ወኪል ሲባል እኔ የመሰለኝ ውልና ማስረጃ የሚሄድ ነገር ነው። «ልብ ወለዴን በሚመለከት በእኔ ቦታ ሆነው እንዲሸጡ፣ እንዲለውጡ፣ እንዲዋዋሉ፣ በማናቸውም ፍርድ ቤት እንዲከራከሩ» የሚል ሙሉ ውክልና አዘጋጅቼ ነበር። የቀረኝ የተወካዩ ስም ብቻ ነው። የመሬት ውክልና በሳምንት ሦስት አራት ስለምጽፍ እጄ ራሱ ነው የሚሄደው።

ደብዳቤውን ሞከርኩት። ለጊዜው በአማርኛ ነው፤ እንዳትስቁ።

«ለሚመለከተው ሁሉ። ጉዳዩ፦ የልብ ወለድ መጽሐፌን ወክለው እንዲሸጡልኝ ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው እኔ አመልካች በሰሜን ሸዋ ዞን የደብረ ብርሃን ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረግሁት ያላሰለሰ ጥረት አንድ ልብ ወለድ አዘጋጅቼ ያጠናቀቅሁ በመሆኑና ለማሳተም አቅም ያጠረኝ በመሆኑ፣ ክቡርነትዎ ጉዳዬን ተመልክተው አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልኝ ስል በትሕትና አመለክታለሁ። ከሠላምታ ጋር። አባሪ፦ 328 ገጽ።»

የካርቶን ደራሲ፦

«አባሪ፦ 328 ገጽ» 😂😂 ማኅተም ብቻ ነው የቀረው።

ስደተኛው ሸዌ፦

አልሳቅሁም (ዋሸሁ)።

ውክልናውን ቅደጂው። ከወኪል ጋር የሚደረገው ተራ ውል ነው፤ ድርሻው ስንት እንደሆነና ባትስማሙ እንዴት እንደምትለያዩ የሚጻፍበት። «እንዲሸጡ፣ እንዲለውጡ» የሚል ሥልጣን ለማንም እንዳትሰጪ። እሱ ዋጋ ይዞልሽ ይመጣል፣ እሺ ወይም እምቢ የምትዪው አንቺ ነሽ፤ የምትፈርሚውም አንቺ።

ደብዳቤሽ ጥሩ ማመልከቻ ነው። ችግሩ ማመልከቻ መሆኑ ነው። አንቺ ራስሽን አስገብተሽ ትርንጎን ደጅ አስቀረሻት። ወኪሉ ስላንቺ ጥረት አይጨነቅም፤ ጨካኝ ስለሆነ አይደለም፣ በዚያች ሳምንት ብቻ ስንት እንደዚህ ያለ ደብዳቤ መጥቶለታል። ማወቅ የሚፈልገው ይህን ነው፦ ማን ናት፣ ምን ፈለገች፣ ምን ከለከላት፣ ፈልጋው የሄደችውን ብታገኝ ምን ታጣለች። የመጨረሻዋ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። እኔም የወደቅሁት እዚያ ነው።

እስቲ ንገሪኝ፤ ትርንጎ ቅሉን ከከፈተች በኋላ ምን ታደርጋለች?

ከጣርማበር ማዶ፦

ቅሉን ይዛ እናቷን ፍለጋ ትወጣለች። እናቷ ያለችው ከሰባተኛው በር በላይ ነው። ትዝታዋን ልትመልስላት ነው የምትሄደው። ግን ያው እሷም በየበሩ መክፈል አለባት። አንድ በር፣ አንድ ትዝታ። መጀመሪያ ትንንሹን ትከፍላለች፣ የበሶ ሽታ፣ የሞተች ፍየሏን። ከአምስተኛው በር በኋላ ትንሽ ትንሹ ያልቅባታል። ላይ ስትደርስ ቅሉ እጇ ላይ አለ፤ የማን እንደሆነ ግን ላታስታውስ ትችላለች።

ስደተኛው ሸዌ፦

አንቺ ሴትዮ! ይህንን እስካሁን የት ደብቀሽው ነው?

ደብዳቤሽ ይኼው ነው። አሁን የጻፍሽውን ራሱን ገልብጪው።

መንዜው፦

እኔ ስለ ወኪል የማውቀው የለም። «የሞተች ፍየሏን» ላይ ግን አቁሜ ሻይ ጠጣሁ። መቼ ነው የሚወጣው?

ጋሼ መዝገቡ፦

ልጄ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ላኪልኝ፤ አነበዋለሁ። ለገንዘብ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ መጽሐፉ የሚጀምረው ቅሉ ላይ ነው?

ከጣርማበር ማዶ፦

ጋሼ፣ አይደለም። የሚጀምረው በሰባቱ በሮች የቀራጭ ቤተሰብ የትውልድ ሐረግ ነው። 23 ገጽ። ቅሉ የሚመጣው ገጽ 61 ላይ ነው።

ይህንን ከጻፍኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን አየሁት። ያንን የትውልድ ሐረግ ለመሥራት ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። ሁሉም ስም ትርጉም አለው። ግን የካርቶን ደራሲ ካለው ሁሉ የሞተው ሰውዬ ሠርግ መብላቱ ነው ከአእምሮዬ ያልወጣው። እኔስ ስንቱን ስም ነው ገድዬ ሠርግ ያበላሁት? ማታ ቁጭ ብዬ አየሁት። ሁለት አለ። አንዱ ጭራሽ ሁለት ጊዜ ሞቷል።

የካርቶን ደራሲ፦

እንኳን ደህና መጣሽ ወደ ማኅበሩ።

ከጣርማበር ማዶ፦

ከ12 ቀን በኋላ ተመልሼ መጣሁ።

23ቱን ገጽ አወጣሁት። አልጣልኩትም፤ ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። መጽሐፉ አሁን የሚጀምረው ትርንጎ በጥፍሯ የቅሉን ሰም ስትፍቅ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ አራተኛው በር ላይ ይቆማል፣ ልክ ጋሼ እንዳሉት። 74,000 ቃል ሆነ። ወደ እንግሊዝኛ ቢሄድ ልኩ ላይ ነው ማለት ነው። ጋሼ የቅሉን ምዕራፍ ለሳሞቫር ብለው መተርጎም ጀምረዋል። ትናንት ደውለው «በሰም መድፈን» የሚለውን በምን ልበለው ብለው ግማሽ ሰዓት አወራን፤ ካርዱ የሳቸው ነው ያለቀው።

በአማርኛ ደግሞ 500 ኮፒ ለማሳተም ዕቁብ ገብቻለሁ። ዕጣው ቀድሞ ከወጣልኝ እስከ ጥር ይደርሳል። አርታኢ አግኝቻለሁ። ጨካኝ ናት፤ ወድጃታለሁ።

ደብዳቤው እንዲህ ሆነ፦

«ትርንጎ የ14 ዓመት ልጅ ናት። አባቷ በጉም በተሸፈነ ተራራ ላይ የበር ቀራጭ ነው። በበሩ የሚያልፍ ሁሉ አንድ ትዝታ ይከፍላል፤ የተከፈለም አይመለስም። ትርንጎ እናቷ እንደሞተች ታውቅ ነበር፣ የእናቷን ቅል እስከከፈተችበት ሌሊት ድረስ። እናቷ አልሞተችም። በበሩ ለማለፍ የከፈለችው ልጇን ነው። አሁን ትርንጎ ቅሉን ይዛ ሰባቱን በሮች መውጣት አለባት፣ በየበሩም ከራሷ ትዝታ መክፈል አለባት። ከላይ ስትደርስ ማንን ፍለጋ እንደመጣች ካላወቀችስ?»

ስደተኛው ሸዌ፣ ይህንን እይልኝ። «አመልካች» የሚል ቃል የለም፤ ሦስት ጊዜ ፈልጌያለሁ። አንድ የጠየቅከኝ ነገር ግን አልሞላሁትም፤ በቅርብ ዓመታት ከወጡት ውስጥ የእኔን የሚመስሉ ሁለት መጽሐፎች ጥቀሺ ብለህ በውስጥ መስመር የጻፍክልኝን። እዚህ እነሱን ከየት አባቴ ገዝቼ ላንብብ? ፒዲኤፍ አትበለኝ፤ ስለ አዋጅ 410 ስንት ቀን ተወራ።

ደንበኛ መጣ። አዛውንት ናቸው፣ የአጥር ክርክር ነው፣ ከአንጎለላ በእግራቸው ነው የመጡት። ማታ እመለሳለሁ።